ጉድለቱን አስቀድመው ያሳዩ የነበሩት አልማዝ ሻጭ

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «አባ ቆይ» በመባል የሚታወቁት ውድ አባታችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ በ1963 ዓ.ም. በአንድ ወርቅ ቤት በመስታወት ወልዋይነት ተቀጠሩ። ከመስታወቱ ኋላ ያለው ነገር ልባቸውን ስለሰረቀው ብዙም ሳይቆዩ የአልማዝ ምርመራ መማር ጀመሩ።

እናታችንን ሲያጩ ገና ጀማሪ ነበሩ። ፍቅር አጣድፏቸው፣ ቢጫ የወርቅ ቀለበት ላይ የተቀመጠ አልማዝ በሱቅ መብራት ሲንቦገቦግ አይተው ገዙ። ሠርጉ ሲቃረብ ሊያጸዱት ፈርጡን ከወርቁ ቢያወጡት፣ ራሱ ፈርጡ ቢጫ ቢጫ ይል ኖሯል፤ የወርቁ ቀለም ነበር የሸፈነለት። ይባስ ብሎ ፈርጡን ቆንጥጦ ከያዘው የወርቅ ጥርስ ሥር ስንጥቅ ተገኘ። መልሰው ገጥመው ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። እሳቸው ግን ሠርጉም ከቀረ ይቅር ብለው፣ ድንጋዩን በነጭ ወረቀት ጠቅልለው እናታችን ቤት ሄዱ፤ መስኮት ዳር ቆመው ስንጥቁን በአያታችን ፊት አሳዩ። አያታችን ፊታቸው ጠቆረ። እናታችን ግን ሳቁና «ደብቀህ ብትመጣ ነበር የምፈራህ፤ አሁንማ አልለቅህም» አሏቸው። በ1967 ዓ.ም. ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

ከዚያ ወዲህ አባታችን ፈርጡን ለብቻው ሳያሳዩ ለማንም ሸጠው አያውቁም። ነጭ ወረቀት ላይ ገልብጠው፣ ከመብራት አርቀው በቀን ብርሃን ያሳዩ ነበር። የአልማዝ ካራት ክብደት እንጂ እንደ ወርቁ ጥራት እንዳልሆነ፣ ድንጋዩን የሚያበራው አቆራረጡ እንደሆነ ሳይታክቱ ያስረዳሉ። ገዢው ቦርሳውን ሲያወጣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ጉድለቱን እይ» ይሉታል። የሱቁ ባለቤት ገበያተኛ ታባርራለህ እያሉ ቢነጫነጩም፣ ተባረሩ የተባሉት ልጆቻቸውን ሲድሩ ተመልሰው የሚጠይቁት አባ ቆይን ነበር።

አባታችን ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በቤታቸው፣ እናታችን እጃቸውን እንደያዙ አረፉ። ባለቤታቸውን፣ እኛን ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ይህን ጽሑፍ ለእናታችን ስናነብላቸው እንባቸውን ጠርገው «ጉድለቱስ? ያለዚያ እኮ እሱ አይደለም» አሉን። እንግዲህ እንናገር። አባታችን ግትር ነበሩ። ሻይ ሲጠጡ ጎረቤት ይሰማል። ቁርስ ሳይቀምሱ ያናገራቸው ሰው ወዮለት። «እወዳችኋለሁ» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፤ በጠዋት ስንነሳ ግን ጫማችን ተወልውሎ በር ላይ ተደርድሮ እናገኘዋለን። እናታችን ይህን ሁሉ አዳምጠው «አዎ፣ አሁን እሱ ነው» አሉ።

ከነጉድለታቸው የወደድናቸውን አባታችንን፣ ፈጣሪም ከነጉድለታቸው ይቀበልልን።