ነገ ጠዋት ይወርዳሉ

አዳማ፣ ጥር 2004 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ይስማው፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ ትሕትና ነኝ፤ በ1984 ዓ.ም. ሮብ ገበያ ትምህርት ቤት አብሬዎት ያስተማርኩት የናዝሬቷ ልጅ። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ መስመር እንኳ ያልጻፍኩልዎ ረስቼዎት አይደለም። ልጽፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ከሰላምታው ቀጥሎ መምጣት ያለበትን ነገር እጄ እምቢ እያለኝ ነው።

እንዴትስ እረሳዎታለሁ? ሞቃት አገር ያደግኩት ልጅ የጮቄ ተራራ ብርድ ጥርሴን ሲያንገጫግጨው፣ "ስምሽ ትሕትና፣ ጥርስሽ ግን አመጸኛ ነው" ብለው ጋቢዎን የደረቡልኝ እርስዎ ነዎት። በቅኔ ቤት ያለፈው እጅዎ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሚያሰፍረው ፊደል ስለሚያምር፣ ተረኛው ተማሪ ሰሌዳውን ለማጥፋት ይሳሳ ነበር። ያን ሰሌዳ ዛሬም በሕልሜ አየዋለሁ።

መንግሥት ከተለወጠ ገና ዓመት አልሞላም ነበር። ጠመንጃው በዝቶ፣ መንገዱ ጠባቂ አጥቶ ነበር። በደረስኩ በሳምንቱ አስጠርተው ያሉኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

"ልጄ፣ የምትሄጂበትን ቀን ለማንም አትናገሪ። ብቻሽን አትውጪ። መንገድ ላይ ደግሞ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሰው እያየሽ ሂጂ።"

"የሚመጣ ሰው ከሌለስ?"

"ያን ጊዜ ነው መፍራት።"

በልቤ ሳቅሁብዎት። በጥቅምት ለእናቴ ስልክ ልደውል ወደ ደብረ ማርቆስ አብረን ስንወርድ ግን ወንዙ ዳር ሲደርሱ ቀጥ አሉ።

"እስካሁን ስንት ሰው ገጠመን?"

"አልቆጠርኩም" አልኩ።

"አንድም ሰው አልገጠመንም። ዛሬ ሮብ ነው፤ ገበያተኛው እህሉን ጭኖ ሽቅብ መምጣት ነበረበት። እንመለስ።"

የእናቴን ድምፅ ከሰማሁ ሁለት ወር አልፎኝ ስለነበር እያለቀስኩ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ነጋዴዎች ከዚያ ወንዝ ማዶ ተደብድበው፣ ልብሳቸው ሳይቀር ተገፎ እንደተገኙ ተሰማ። እርስዎ "አላልኩሽም?" አላሉኝም። በሳምንቱ ሌላ ቀን መርጠው፣ በሌላ መንገድ ወስደው ከእናቴ ጋር አገናኙኝ። ስልክ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ አሁንም ይታዩኛል።

ጋሽ ይስማው፣ ከዚህ በኋላ ያለው ነው ያቃተኝ።

የስምንተኛ ክፍል ተፈታኞች ፎርምና ፎቶግራፍ ማርቆስ የሚገባበት ቀን ሲደርስ፣ ሐሙስ ጠዋት ከዘበኛው ከአንሙት ጋር ይዘውት ሊወርዱ ወሰኑ። የምናውቀው እርስዎ፣ አንሙትና እኔ ብቻ ነበርን። ሮብ ዕለት ቀሚሴን ላሳጥር ልብስ ሰፊው ታረቀኝ ሱቅ ገባሁ። አንድ ጎልማሳ ሱሪውን እየጠበቀ ተቀምጧል። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ አሳቀኝ። ለካ ከብዙ ጊዜ በኋላ መሳቄ ነበር።

"ወንድሜ ተፈታኝ ነው" አለኝ። "ፎርሙ ቀኑ ሳያልፍበት ይደርስ ይሆን?"

"ምን ያሳስብሃል? ጋሽ ይስማው ነገ ጠዋት ይዘውት ይወርዳሉ" አልኩት።

ይኸው ነው። ማንም አላስገደደኝም። አዋቂ መስዬ መታየት ደስ ስላለኝ ነው የተናገርኩት።

የሆነውን እርስዎ ያውቁታል። ወሬው ሽፍቶች ጆሮ ደርሶ፣ በቦርሳው ውስጥ ትልቅ ነገር ያለ መስሏቸው አንሙትን አስረው እርስዎን ከበቡ። ቦርሳውን አልለቅም ቢሉ ቀኝ እጅዎን በሰደፍ ሰባበሩት። የልጆች ፎቶግራፍ ብቻ ሲያገኙ ጭቃው ላይ በትነውት ሄዱ። እርስዎ በግራ እጅዎ አንድ በአንድ ለቅመው፣ በጋቢዎ ጠራርገው፣ ማርቆስ ደርሰው ካስረከቡ በኋላ ነበር ሐኪም ቤት የሄዱት። ሁሉም ልጆች ተፈተኑ።

ሐኪም ቤት ልጠይቅዎ የመጣሁ ዕለት ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። "ማን ነግሯቸው ነው?" ብዬ በዚያ በኩል ልገባ ሞከርኩ።

"እሱን አልጠይቅም" አሉኝ። "መጠየቅ ከጀመርኩ፣ ደህና አደርክ የምለው ጎረቤት አይተርፈኝም።"

እኔ ፈሪዋ እዚያ ቃል ውስጥ ተደበቅሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በእርስዎ ፈንታ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩልዎ። "እጄን ተካሽልኝ፣ ልጄ" እያሉ መምህራኑ ፊት ሲመርቁኝ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። በመጨረሻ ዝውውር ጠይቄ ሄድኩ። ስንሰነባበት አንገትዎ ላይ ተጠምጥሜ ያለቀስኩት ለመለያየት ብቻ አልነበረም።

ባለፈው ኅዳር ለስልጠና ማርቆስ መጥቼ መናኸሪያው በር ላይ ከታረቀኝ ጋር ተገናኘን። ሸምግሏል። ስለ እርስዎ ስጠይቀው አንገቴን ደፍቼ እንደነበር አይቶ ይመስለኛል እንዲህ አለኝ።

"እህቴ፣ ያን ቀን ሱቄ ውስጥ ያልሽውን ሰምቼ ነበር። እጃቸው በተሰበረ በሳምንቱ ለጋሽ ይስማው ነገርኳቸው።"

"ምን አሉ?"

"'ለማንም እንዳትናገር፤ ለእሷም ማወቄን እንዳትነግራት። ካፈረች ማስተማሩን ትተወዋለች' አሉኝ።"

እዚያው ሻንጣዬ ላይ ተቀመጥኩ። ለካ ያ ሁሉ ምርቃት እያወቁ ነበር! ጠመኔውን በእጄ ሲያስይዙኝ እያወቁ ነበር!

እንደሚያውቁ ካወቅሁ በኋላ ዝም ብል ሁለተኛ መበደል ይሆንብኛል። ስለዚህ በራሴ አፍ ልንገርዎ፦ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ ለማለት እንኳ ዘግይቻለሁ፤ እርስዎ አስቀድመው ጨርሰውታል። ማስተማሩን ግን አልተውኩም። ይህን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ታረቀኝ ዓይንዎ እንደደከመና የሚመጣልዎትን ደብዳቤ ልጅዎ መክሊት እንደምታነብልዎ ነግሮኛል። ሮብ ገበያ ሳለሁ ገና ጡት የምትጠባ ሕፃን ነበረች፤ የአባቷ እጅ እንዴት እንደተሰበረ ማንም በደንብ አልነገራት ይሆናል።

መክሊት፣ እህቴ፣ እዚህ ስትደርሺ ድምፅሽ ቢቆራረጥም አታቁሚ። እሳቸው "ይህንንስ እለፊው" ቢሉሽ እንኳ እሺ አትበያቸው። ከላይ ጀምረሽ አንድም ቃል ሳትዘይ ድገሚላቸው።

አክባሪዎ
ትሕትና