የእርጋታ ሽልማት

ለልጄ ለምንትዋብ፤ የጎዴ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ ከጎሮ ጭቃ በቀር ደህና ነን፣ መድኃኔዓለም ይመስገን። ልጅሽ ሀይሚም ከሰኔው ትኩሳት ድና መሯሯጥ ጀምራለች።

ካልገባች ብለሽ የጨቀጨቅሽኝ የክረምት ዮጋ ግን አንጀቴን አሳረረው። የአራት ዓመት ሕፃን አስተኝቶ «አእምሯችሁን አሳርፉ» ማለት ምን የሚሉት ትምህርት ነው? የደከምኩትስ በጭቃ አዝዬ የማመላልሳት እኔ!

ትናንት የወላጆች ቀን ነበር። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ምንጣፍ ላይ ተጋደሙ፤ የሚነሱት መምህርቷ ናዲያ ቃጭል ስትመታ ነው። መሃል ላይ መብረቅ ጮኸ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ ልጆቹ እየተንጫጩ እናቶቻቸው ጉያ ገቡ፣ እኔም ከወንበሬ ዘለልኩ። ሀይሚ ግን እንደተጋደመች ናት። ቃጭሉ ሦስት ጊዜ ተመታ፤ የተነሳችው ናዲያ ትከሻዋን ስትነካት ነው።

«ጋሼ፣ እንደ እሷ የተረጋጋች ልጅ አይቼ አላውቅም» ብላ የወረቀት ዘውድ ደፋችላት። ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔ እጄ አልታዘዘኝም። ይኼ ደግሞ ያሸልማል?

ቤት እንደገባን ከጀርባዋ ቆሜ ስሟን ጠራሁ፤ የድስት ክዳንም አጋጨሁ። ዘውዷን እያስተካከለች ጨዋታዋን ቀጠለች። ልጅ ጨዋታ ሲይዝ እንዲሁ ነው መቼም።

ወደ ዮጋው አልመልሳትም። ሰኞ ኦሎምፒያ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ፤ ለጉልበቴ ነው፣ አትጨነቂ። እሷንም ይዣት እሄዳለሁ።

ደግሞ ከእንግዲህ ስትደውዪ በቪዲዮ ይሁን። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ሳደርግላት መልሳ ለእኔ ትሰጠኛለች።

እመብርሃን ካለሽበት ትጠብቅሽ።

አባትሽ ዓለምሰገድ