መሣሪያዬን ልወስድ ሄጄ

ሰኞ፣ የካቲት 1991
መለሱኝ። የእህቴ ልጅ ከዱባይ የላከችልኝ ቦሌ ካርጎ ተቀምጧል፣ ቲቪ ላይ እየተሰካ ልጆች የሚጫወቱበት፣ ሁለት መሣሪያ። ዘበኛው ምን ሊወስዱ ነው አባባ አለኝ። መሣሪያዬን አልኩት። የምን መሣሪያ አለ። ከነሽጉጡ ነው አልኩት። የፕላስቲክ ነው ብዬ ሳልጨርስ እጅ ወደ ላይ አሉኝ። በዚህ ዕድሜዬ ኪሴን ገለበጡት።

ማክሰኞ
ቤቱ ጭር ብሏል። ያለኝ አንድ መሣሪያ እየሠራ ድርግም ይላል። ልጆቹ አስፋልት ዳር ወደ ተከፈተው ማጫወቻ ቤት ሄደዋል፣ እዚያ በሲዲ የሚሠራ አለ። ልጄ አልማዝ ደወለች። ይዝጉትና ገርጂ እኔ ጋ ይግቡ አለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሳሎኔ ውስጥ ልጆችን በሒሳብ እያጫወትኩ ነው የምበላው፣ የማንንም እጅ አላይም። እስከ እሑድ ሰው ካልገባ እመጣለሁ አልኳት። ምን አስቸኮለኝ።

ረቡዕ
ጦርነቱ እስኪቆም ለሁለቱም አገር መሣሪያ እንዳይሸጥ ተባለ፣ ሬዲዮ ነው ያለው። ላገሬም ከለከሉ፣ ለኔም ከለከሉ። ካርጎ ደግሜ ሄድኩ። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ "አባባ፣ ጌም ነው ይበሉና ይገላገሉ" አለችኝ። አልልም። አናጢም መሣሪያ አለው፣ ዘፋኝም አለው፣ ባማርኛ ነው የተናገርኩት አልኳት። "እርስዎ ግን ሽጉጥ ጨመሩበት" አለች። ከኋላዬ የተሰለፈ አንድ ጎረምሳ፣ ሽማግሌው ሊሸፍቱ ነው ብሎ ሰው አሳቀብኝ። ጥያቸው ወጣሁ።

ዓርብ
ትናንት ንዴቱ አላስጻፈኝም። ጠዋት አልማዝ ፍራሽ ገዛሁልዎት ብላ ደወለች። ፍራሽ ሲባል ተነሳሁ። ካርጎ አለቃው ፊት አቀረቡኝ። ዕቃው ምንድን ነው አለ።
"ጌም" አልኩ።
ካርቶኑን ከፍቶ አየና ሳቀ፣ ፈረመልኝ። ሽጉጡ ግን ይቆይ፣ ጊዜው ደግ አይደለም አለ። ውሃ እንኳ የማይረጭ ፕላስቲክ። ይቆይለት።

እሑድ
ሁለቱንም ሰካኋቸው፣ ይሠራሉ። እስከ ቀትር ማንም ዝር አላለም። ከሰዓት ሁለት ልጆች ገቡ። አንዱ "ፋዘር፣ ይሄ እኮ ያለፈበት ነው" አለ። ሌላው ሽጉጡስ አለኝ። መንግሥት ጋ ነው አልኩት። ሳቁና ኳሱን ሊጫወቱ ተቀመጡ፣ ዝናብም ይዟቸው ይሆናል።
አልማዝ ጋ ደወልኩ። ሰው ገብቷል አልኳት።
"ስንት ሰው?" አለች።
ሰው ገብቷል አልኩሽ፣ ብዬ ዘጋሁት።