የእናትሽ አርባ ላይ ያላነበብሁት

ደብረ ታቦር
ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለውቢት አባተ
ኩዌት

ውቢትየ፣ ሰላምታውን ላቆየውና በደሌን ላስቀድም። ለእናትሽ አርባ ብለሽ ከዚያ ለዕረፍት በመጣችው በመሰረት እጅ የላክሽውን ጽሑፍ አላነበብሁትም። «አነበብሁልሽ፣ ሰውም አለቀሰ» ያልሁሽ ሐሰት ነው። ያነበብሁት እኔው የጻፍሁትን ነው። «ልጄ ከዐረብ አገር የላከችው» ብየ፣ በአንቺ ስም አነበብሁት። ሰው ማልቀሱ ብቻ እውነት ነው።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬአለሁ። አንዱን ቀን ስለ ገብሱ አጨዳ አውርቼ ዘጋሁ። ሌላውን ቀን ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ እኔም ደስ አለኝ። ባለፈው ወር ግን «አባየ፣ እኔ ለቀብሯ ባልደርስም ቃሌ ደርሶላታል፤ የሚያጽናናኝ እሱ ብቻ ነው» አልሽኝ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ቅዳሴ ቆሜ እንኳ ልቤ አያርፍም። የተጽናናሽበትን ነገር የሠራሁት በውሸት ነው። ፓስፖርትሽን አሠሪዎችሽ ይዘውብሽ መምጣት ስላቃተሽ የላክሽው አንድ ወረቀት ነበር፤ እሱንም እኔ ያዝሁብሽ። መሰረት ዘንድሮም መጥታ ነበር፤ ማክሰኞ ወደዚያው ትመለሳለች። ይህን እሷ ትሰጥሻለች።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ስጽፍ እያየሽ ነው ያደግሽው። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ደንቡን ግን አውቃለሁ። ቀኑ ከላይ በቀኝ፣ ከዚያ ለማን እንደሚጻፍ፣ ከዚያ ጉዳዩ፣ ከታች ፊርማ። አንዱ ከጎደለ መዝገብ ቤት ይመልሰዋል። ሰውየው መሬቱን ተነጥቆ እያለቀሰ ቢቆምም ይመልሰዋል። ስለዚህ ወረቀትሽን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት የመስመሮቹን ጫፍ ነው። ቤት አይመታም። አንዱ መስመር ረጅም፣ አንዱ አጭር። አንቺ ብታውቂውም እዚህ ልጻፈው፣ እጄ ይልመደው፤

እናቴ የድንች ልጣጭ ታሳሳለች።
ከልጣጩ ሥር ጣቷ ይታያል።
እኔ እዚህ በሰው ወጥ ቤት አወፍሬ እልጣለሁ፤
ማንም አይቆጣኝም።
ማንም ስለማይቆጣኝ አለቅሳለሁ።

«ለእናት አርባ የድንች ልጣጭ?» አልሁ። ካህናቱ፣ መሪጌቶቹ፣ ቅኔ የሚቀኙ ሰዎች በተቀመጡበት ዳስ ይህን ይዤ ብቆም መሳቂያ የምሆን መሰለኝ። ለአንቺም ያዘንሁልሽ መሰለኝ። አንድ ከሰዓት ቁጭ ብየ ዐሥራ ሁለት መስመር ጻፍሁ። መግቢያው እንዲህ ነው፤

የቤቱ ምሰሶ፣ የጓዳው መብራት፣
እመይቴ ጽጌ፣ አይ የሰው ልጅ ሕይወት!

ዳሱ በለቅሶ ተናጠ። «ልጅህ ተባረከች» እያሉ እጄን ጨበጡኝ። ሦስት ሰዎች ገልብጥልን ብለው ለመኑኝ፣ በጥሩ እጅ ጽፈት ገልብጬ ሰጠሁ። አንዱ የአንበሳሜው ደምሴ ነበር።

ሰኔ ላይ የደምሴ አክስት ትርሐስ ዐረፈችና አንበሳሜ ለቅሶ ሄድሁ። ታስታውሻታለሽ፤ ባል ሳታገባ በወንድሞቿ ቤት እየዞረች የኖረችው፣ ምላሷ የማይቻለው። ደምሴ መካከል ላይ ቆመና ከኪሱ ወረቀት አወጣ። የእጅ ጽፈቴን ከሩቅ ዐወቅሁት።

«የቤቱ ምሰሶ፣ የጓዳው መብራት፣ እመይቴ ትርሐስ…» ብሎ ጀመረ።

ስሟ ልክክ ብሎ ገባ። ከዐሥራ ሁለቱ መስመር ሌላ አንዲት ቃል መቀየር አላስፈለገውም። ሰውም አለቀሰ፣ እንደ እናትሽ አርባ አድርጎ አለቀሰ።

ከጎኔ የተቀመጡት የጋሳይዋ አልቃሽ እትየ ጥሩወርቅ ነበሩ። ወደ ጆሮየ ጠጋ አሉ።

«አባተ፣ ይሄን የት ነው የሰማሁት?»

«እኔ እንጃ።»

«የጽጌ አርባ ላይ ነው እንጅ! ልጅህ ላከችው የተባለው። ኧረ ጉድ! ትርሐስ የማን ቤት ምሰሶ ነበረች? ምሰሶው ይቅርና ጎጆም አልነበራት።» ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «ሰምታ ቢሆን ተነሥታ ትሰድበው ነበር።»

እኔ ግን አልሳቅሁም። እሳቸውም ፊቴን አይተው ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። ሰው ሲበተን ወደ ግቢው ጥግ ይዤአቸው ሄድሁና ሁሉንም ነገርኋቸው። ወረቀትሽ በኮቴ ኪስ፣ በዳዊቴ መካከል ነበር፤ ሰባት ወር ሙሉ ከዚያ አላወጣሁትም። «እስኪ አንብብልኝ» አሉኝ፤ ፊደል አልቆጠሩም። የድንቹን አነበብሁላቸው። ቀጥየ ሁለተኛውን፤

ከገበያ ስትገባ ሸክሟን ራሷ ታወርዳለች።
አባቴ ቀና ብሎ «መጣሽ?» ይላታል፣
መምጣቷን እያየ።
እሷም «መጣሁ» ትለዋለች።
ከዚያ ወዲያ የሚባባሉት አልነበረም።

«ምነው እዚህ ላይ ድምፅህ ወረደ?» አሉኝ።

«ጉሮሮየ ደርቆ ነው።»

«ድንቹ ላይ ደኅና ነበርህ እኮ። እስኪ ድገማት።»

ደገምሁላቸው። መሬት መሬቱን እያዩ ሰሙኝ።

«እንግዲህ እኔ አልቃሽ ነኝ» አሉ። «ስም እየቀየርሁ ነው የኖርሁ። ወንድ ከሆነ ጀግናው፣ ሴት ከሆነች ደጓ። ጀግናውን ፈሪ መሆኑን እያወቅሁ አልቅሼለታለሁ። ሰውም ያለቅሳል፤ የየራሱን ሰው እያሰበ ነው የሚያለቅስ። የጽጌን ‹መጣሁ› ግን እኔ በሙሾየ አላወጣሁትም። ስንት ጊዜ ቤትህ ገብቼ፣ በጆሮየ ሰምቼው።»

«ታዲያ ይሄ ግጥም ነው ይላሉ?»

«እሱን አንተ እወቀው፣ የተማርኸው አንተ! እኔ ጽጌን አሁን አየኋት። ያውም ደክሟት።»

ውቢትየ፣ ከላይ መጀመሪያ ያየሁት የመስመሮቹን ጫፍ ነው ብየሻለሁ። ልሰርዘው ነበር፤ ይቆይ፣ ራሴን እንዴት እንደማታልል እይበት። መጀመሪያ ያየሁት «መጣሽ?» የምትለዋን ነው። ቤት መምታት አለመምታቱን ያሰብሁት ከእሷ በኋላ ነው። ሰው ፊት ላነባት አልቻልሁም። አርባ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ከወንበሬ ተነሥቼ ያን ሸክም አንድ ቀን አላወረድሁላትም። ቤትም ሆኜ ሥራ ላይ ነበርሁ፤ የሰው ማመልከቻ እጄ ላይ ነበር። ሁልጊዜ አንድ ማመልከቻ እጄ ላይ ነበር።

ለነፍስ አባቴ ለመምሬ ዓለምነው ተናገርሁ። ስግደት አዘዙልኝ፣ ፈጸምሁ። «ይበቃል ወይ፣ አባቴ?» ብላቸው «ከእግዜር ጋር ያለህን ነው እኔ ያዘዝሁልህ። የልጅቱን ለልጅቱ መልስ» አሉኝ።

ወረቀትሽን ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ አየሁት። እንደ ደምሴ የሌላ ሰው ስም ላገባበት ሞከርሁ፤ የእኅቴን፣ የጎረቤታችንን የአበበችን። አልገባም። አበበች ድንች ስትልጥ ግማሹን ለከብት ነው የምትሰጠው። እሷ ከገበያ ስትመለስ ደግሞ ባሏ እስከ በሩ ወጥቶ ይቀበላታል። ግጥም ማለት ምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ ለመሪጌታ የሚተው ነገር ነው። የእኔ ለሁሉም ሰው ይሆናል። ያንቺ ከእናትሽ በቀር ለማንም አይሆንም። ይህን ብቻ ዐወቅሁ።

ሙት ዓመቷ ጾመ ነቢያት ሳይገባ ብለን የፊታችን እሑድ ሆኗል። ያንን ወረቀት ይዤ መቆም እፈልጋለሁ፤ እፈራለሁም። ሰማንያ ሰው ይመጣል፣ ሁሉም ቤቴን የሚያውቅ ነው። ባልችል እንዳትጠዪኝ ብየ አልለምንሽም። ብትጠዪኝም ልጄ ነሽ።

እኛ ደኅና ነን። ገብሱ ገብቷል፣ ስንዴው ዋግ መትቶት ቀነሰ። ቀይዋ ላም ወልዳለች። በሰው አገር የሠራሽበት እጅሽ አይዛል። እመቤታችን በገባሽበት በር ሁሉ ቀድማሽ ትግባ፣ በሰላም ለአገርሽ ታብቃሽ። እናትሽ ብትኖር የምትመርቅሽን ሁሉ እኔ ላንቺ መርቄአለሁ፤ እንደ እሷ ባይሆንልኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ደብዳቤውን ሳላሽገው አቆየሁት። ትናንት ጸሎተ ፍትሐቱ ደርሶ፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ፣ መምሬ ቃለ በረከት ከሰጡ በኋላ ተነሣሁ።

«ባለፈው ዓመት እዚህ ያነበብሁላችሁ የልጄ አልነበረም» አልሁ። «የእኔ ነው። ልጄ የላከችውን ደብቄ ነው።»

ደምሴ ከኋላ «እንዴ አያ አባተ፣ ታዲያ አክስቴን በልጅህ ጽሑፍ ሳይሆን ባንተ ነዋ የቀበርናት?» ሲል ጥቂት ሰው ሳቀ። እትየ ጥሩወርቅ «ዝም በል አንተ፣ ይናገር» አሉት።

ድንቹን አነበብሁ። አንድ ሽማግሌ ለጎረቤቱ «ይሄ ምኑ ግጥም ነው?» ሲሉ ሰማሁ። የሚያለቅስ ሰው አልነበረም። አበበች ብቻ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳው በር ታይ ነበር። እዚያ ላይ ልቀመጥ እችል ነበር፤ ያለቀ ይመስል ነበር።

አልተቀመጥሁም። «አባቴ ቀና ብሎ» የሚለውን፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ድምፄን ሳላወርድ እስከ መጨረሻው አነበብሁት።

አባትሽ አባተ