ከነአሮጌ ፍሬኑ የታደሰው መኪና

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

የእሳት አደጋ መኪናችን ታድሶ ከጋራዥ መጣ። ቀለሙ ያበራል፤ የውሃ ታንከሩም በትልቅ ተቀይሯል። ክብደቱ ጨምሯል፤ ፍሬኑ ግን ያው የድሮው ነው። ዛሬ ውሃ ሞልቼ ወደ ሮቢት ከተማ በሚወስደው መንገድ ልሞክረው ስወጣ ግመሎች አስፋልቱን ሲያቋርጡ ደረስኩ። ፍሬን ብይዝ ብይዝ አልቆም አለኝ። መሪውን ጠምዝዤ የሰው ማሽላ ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። አጠገቤ የነበረው እሳት አጥፊው ሰይድ «አልሐምዱሊላህ» አለ።

አለቃችን ይህን ሁሉ ሰምተው «ነገ መኪናውን ሊያዩ እንግዶች ይመጣሉ፤ ገበያውን አንዴ ዙርበትና ፍሬኑ ከዚያ በኋላ ይታያል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ገበያው ውስጥ የምገባበት ማሽላ የለም» አልኳቸው።

«እምቢ ካልክ ሌላ ሾፌር አለ።»

«ፍሬኑ ሳይሠራ ቁልፉን ለማንም አልሰጥም።»

ሰይድ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ካባረሩኝም ያባርሩኝ። እንግዶቹ መኪናውን እንደ ቆመ ያዩታል።