ዳኛው ሲጠሩት አይመጣም

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ወለል ወለወልኩ። ሾርባ ጣድኩ። ዝናቡ ካቆመ ወዲህ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ዳኛው በረንዳ ላይ ተቀምጦ እኔን እኔን ያያል። ስሙን ያወጣለት ባለቤቴ ነው። ቡችላ ሳለ ጀምሮ ፍርድ ሊሰጥ እንደተሰየመ ሰው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል።

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ይህ ውሻ ከሰፈራችን መንገድ አላለፈም። እሱ እያለ በየቀኑ ረግረጉን፣ ቁጥቋጦ ሜዳውን፣ ጫካውን ዞረው ነበር የሚመለሱት። እኔ? አንድ ቀንም አብሬያቸው አልሄድኩም። ጭቃ አልወድም።

ልጄ ደወለች።

"እማ፣ ለዳኛው ቦታ አገኘሁለት። የመሥሪያ ቤታችን መጋዘን ጠባቂ ውሻ ይፈልጋል።"

"ታስሮ ሊውል?"

"አንቺ ጋስ ምን እየሠራ ነው? በረንዳ ላይ ተጎልቶ አይደል የሚውለው? አትችይውም እማ።"

"ማን ነው የማይችለው?"

"እሺ በቃ፤ ይሄኛው ቅዳሜ ሳይሆን የሚቀጥለው ቅዳሜ እመጣለሁ። ያኔ ካልሆነልሽ ይዤው እሄዳለሁ።"

ስልኩን ዘግቼ የባለቤቴን ቦቲ ፈለግኩ። ሰፋኝ። ካልሲ በካልሲ ላይ ደረብኩ… አልችለውም? እናያለና።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ሄድኩ! ሙሉውን ዞርኩት።

መጀመሪያ ረግረጉ ነው። ውሃው ላይ የሳንቃ መተላለፊያ ተዘርግቷል፤ ግራና ቀኙ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ቄጠማ። ስረግጥ ሳንቃው ይነጥራል፣ እንቁራሪቶቹ ዝም ይላሉ፣ ሳልፍ መልሰው ይንጫጫሉ። ወሬኛ ጎረቤት ይመስላሉ። ዳኛው መንገዱን ከእኔ በላይ ያውቀዋል፤ እሱ መሪ፣ እኔ ተጎታች።

ከዚያ ሜዳው። ዛፍ የለው፣ ጉልበት የሚደርስ ቁጥቋጦ ብቻ፣ ነፋሱ ደግሞ እንደ ልብ። እዚህ ውሻ መፍታት ይፈቀዳል። ፈታሁት… ሄደ። ጠራሁት፣ ለመንኩት፣ ተቆጣሁት። ጭራው ጫካው ውስጥ ገባ።

ጎትቶ ያመጣልኝ የረግረጉ ጠባቂ ነው።

"ባለቤትዎን አውቃቸው ነበር እትዬ፤ ነፍስ ይማር። አንዴ ሲያፏጩ ከጫካው እንደ ጥይት ነበር የሚወጣው።"

"እኔ ማፏጨት አልችልም።"

"እንግዲያው አይፍቱት። ወፎቹ እንቁላል ላይ ናቸው። ተጠርቶ የማይመጣ ውሻ ቄጠማው ውስጥ ከገባ ምን እንደሚተርፍ ያውቃሉ? ሁለተኛ እንዲህ ካደረገ አላስገባውም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ልክ ነው። አልተቀየምኩትም።

እግሬ ተላልጧል። ግን እንዴት ያለ ቀን ነበር!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ማፏጨት ስለማመድ ዋልኩ። ነፋስ ብቻ። ዳኛው አንገቱን አዘንብሎ ሰማኝ። ፍርዱ ከፊቱ ይነበባል።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ከነውሻዋ አብራኝ ወጣች። ውሻዋን ፍርፋሪ ትላታለች፤ እውነትም ከቂጣ ላይ የወደቀች ነው የምትመስለው።

"አፍሽን እንደ መርፌ ቀዳዳ አጥብቢው" አለችኝ። አጠበብኩ። ምራቅ ወጣ። እሷ በሳቅ ፈርሳ ሳንቃው ላይ ቁጭ አለች።

"ተይው እባክሽ፣ ሥጋ ሞክሪ።"

ሜዳው ላይ ሥጋ ሞከርን፤ ዳኛውን በረጅም ገመድ ይዤው። ቁጥቋጦው ፀጥ ሲል ይመጣል። አንድ ነገር ኮሽ ካለ ግን ሥጋውንም እኔንም ረስቶ ገመዱን እስከ ጫፉ ይወጥራል። ፍርፋሪ ሁሉንም በላችለት።

ጫካው ውስጥ የወደቀ ግንድ ላይ አረፍን። ብርሃኑ በቅጠሎቹ መሀል ይንጠባጠባል። ባለቤቴ ተቀምጦበት ይሆን? ግንዱ መሀሉ ላይ ልሙጥ ነው…

"ምነው ዝም አልሽ?" አለችኝ።

"ምንም።"

ምንም አይደለም እንዴ? የባለቤቴ የመጨረሻ ምሽት… "ዳኛውን አስገቢልኝ፣ ልየው።" "እግሩ ጭቃ ነው። ነገ አጥቤ አስገባልሃለሁ።" ነገ ስል እሱ እሺ አለ። ሁልጊዜ እሺ ነበር የሚለው። ሲነጋ ዳኛውን አጠብኩት። የሚያየው ግን አልነበረም።

ይህን ውሻ መጋዘን በር ላይ አላሳስረውም። በቃ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ዛሬ ደስ ብሎኛል። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ሳንቃው ጤዛ ይዞ ነበር። አዳለጠኝና በጉልበቴ ወደቅኩ። ማሰሪያው ከእጄ ወጣ። ዳኛው ቄጠማው ውስጥ… ጭልጥ! አንድ ዳክዬ ጮኸች። እንቁላሎቹ! ጠባቂው! "ዳኛው! ዳኛው!" ማን ሰምቶ።

አጠገቤ የማስታወቂያ ሰሌዳ ቆሟል። ምን ይደረግ ይል ይሆን ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። እኔ ደግሞ ድምፄን ሳላወጣ ማንበብ አልችልም። ፊደል የለየሁት ልጅ ካሳደግኩ በኋላ፣ ራሴን በራሴ አስተምሬ፣ ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ቃሉ አፌን ካልነካው አይገባኝም። ልጄ "እማ፣ በልብሽ አንብቢ እንጂ፣ ሰው ይሰማሻል!" ትለኝ ነበር። አባቷ ነው "ተያት፣ እኔና ዳኛው እየሰማን ነው" የሚላት።

"ይህ ረግረግ… ወፎች… እንቁላል የሚጥሉበት… ስፍራ ነው። ውሻዎን…"

ቄጠማው ተከፈተ። ዳኛው። እስከ ጆሮው ጭቃ ነክቶታል፤ አፉ ግን ባዶ ነው። መጥቶ ቦቲዬ ላይ አገጩን ጥሎ ተኛ!

እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፣ ሳቅሁም። እንዴት ረሳሁት? ማታ ማታ ለባለቤቴ ሳነብለት ይህ ውሻ ከበሩ ደፍ ላይ አፍንጫውን ብቻ አስገብቶ ያዳምጥ ነበር። ከዚያ እንዲያልፍ አልፈቅድለትም ነበር እንጂ… ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ መጽሐፍ አልከፈትኩም። ለማን ላንብብ ብዬ። ለካ የሚጠብቅ ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ከመደርደሪያው ስለ ንብ እርባታ የሚያወራውን ትንሽ መጽሐፍ አወረድኩ። ንብ ኖሮን አያውቅም። ባለቤቴ ግን እሱን ነበር የሚወደው። የካፖርቴ ኪስ ውስጥ ልክ ገባ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ልጄ መጣች። መኪናዋ ውስጥ ሰንሰለት አየሁ።

"መጀመሪያ እንዙር" አልኳት።

"በዚህ ጫማ?"

"ቤት ውስጥ የእኔ አሮጌ ጫማ አለ።"

ረግረጉን በማሰሪያ አለፍን። ሜዳው ላይ ጠባቂው ቆሟል። እጁን አጣምሮ ያየናል። ማሰሪያውን ፈታሁ።

"እማ! ምን ማድረግሽ ነው?"

ዳኛው ነፋሱን አሸተተና ሄደ። ልጄ ጠራችው። ጮኸች። ከዚያ ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ አፏጨች… የአባቷ ፉጨት ነው። ቁርጥ የአባቷ። መቻሏን እንኳ ረስቼው ነበር።

ዳኛው ቀጥ አለ። ጆሮው ተነሳ። ወደ እኛ ግን አልመጣም። ወደ መንገዱ ሮጠ፣ ወደ ጫካው ሮጠ፣ ተመለሰ፣ ዞረ። አባቷን ነበር የሚፈልገው።

ልጄ ጣቷን ከአፏ አወረደች። "እማ…" አለች።

መጽሐፉን አወጣሁ። ቁጥቋጦው መሀል ቁጭ አልኩ። ጠባቂው የሚያየኝ እንደ ምን ይሆን? የራሱ ጉዳይ።

"ንግሥቲቱ… ከቀፎዋ ስትወጣ… መንጋው ይከተላታል…"

ነፋሱ ድምፄን ወሰደው። ልጄ አጠገቤ ተንበረከከች። በልብሽ አንብቢ ትል የነበረችው ልጅ።

"ጮክ በይ፣ እማ። ጮክ ብለሽ አንብቢ።"

ጮክ አልኩ። በሕይወቴ እንዲያ ጮክ ብዬ አላነበብኩም። ቁጥቋጦው ተንቀሳቀሰ፣ ጆሮዎቹ ታዩ፣ ከዚያ ሙሉ ዳኛው። መጥቶ እግሬ ላይ ተጋደመ። ገጹን ጨረስኩለት። መሀል ላይ ማቆም ነውር ነው።

ጠባቂው ቀረብ ብሎ ጭንቅላቱን አከከ።

"ተጠርቶ መጣ ልበል ወይስ ተነብቦለት?"

"መጣ አይደል?"

"መጣ። በሉ ይፍቱት፤ መጽሐፉን ብቻ እንዳይረሱ።"

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ሰንሰለቱን አንስታ ጓሮ ልብስ ማስጫው ላይ ሰቀለችው። "እርጥብ ምንጣፍ ይሸከማል" አለች።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ልጄ እዚሁ አደረች። ዛሬ አብረን ዞርን፤ ጫካው ውስጥ ግንዱ ላይ ተቀምጬ አነበብኩላቸው።

ስንመለስ ዳኛው እንደ ልማዱ ደፉ ላይ ቆመ። እግሩ ጭቃ በጭቃ። ልጄ ጨርቅ ልታመጣ ተነሳች።

"ተይው" አልኳት።

"ወለልሽ?"

"ተይው አልኩሽ። ና ግባ፣ ዳኛው።"

ዓይን ዓይኔን አየኝ። አንድ እግሩን አስገባ፣ ጠበቀ። ሌላውን አስገባ። ሳሎኑን አቋርጦ ወደ መኝታ ቤት ሄደ። አልጋው ሥር፣ በባለቤቴ በኩል፣ ዞር ዞር ብሎ ተኛ።

ይህን የምጽፈው አልጋው ላይ ተቀምጬ ነው። የእግሩ ምልክት ከበሩ እስከዚህ ድረስ አንድ በአንድ ይታያል። ነገ እወለውለዋለሁ… ወይ አልወለውለውም።