ግመሎቹ የሚጠጡበት ቀን

ለውድ ወንድሜ ለጃቢር፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነብተሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ቆመህ እየዋልክ አሁንም ስታቃስት ነው የምታድረው? ባለቤትህ ሀዎ እንዴት ናት? ልጆቹስ አደጉ? ጆሃንስበርግ ሱቅ ተዘረፈ ሲሉ በሰማሁ ቁጥር እናንተን እያሰብኩ አድራለሁ፤ አላህ ከክፉ ዓይንም ከክፉ እጅም ይጠብቃችሁ። እኔ ታላቅ እህትህ ከዲጃ በሕይወት አለሁ፤ እናታችን አሻም ከጉልበቷ በቀር ምንም አትልም። እንደ ወጉ እኛ ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ ግን ደህና አይደለንም።

የምጽፍልህ እኔ ዘንድ ትተኸው ስለሄድከው ልጅህ ስለ ሀላኬ ነው። በሕይወት አለ። ይህን ያስቀደምኩት ቀሪውን እንደ ሰው ቁጭ ብለህ እንድታነበው ነው። ሱቅህን ዝጋ።

ለምን አልደወልሽም እንዳትለኝ። ሞያሌ ውስጥ ሰሞኑን ስልክ ማለት የአደባባይ ግድግዳ ነው፤ ገዳይ የሚፈልጉ ወጣቶች መንገድ ላይ ሰው እያስቆሙ ይፈትሻሉ፣ አንዱ የተናገረውን አምስቱ ይሰሙታል። ስለዚህ እናቷን ልትጠይቅ መጥታ የነበረችው ጎረቤትህ ቆንጂት ይህን ወረቀት ከጡት መያዣዋ ሥር ይዛልህ ትመጣለች። እሑድ ከናይሮቢ ትበራለች። አንብበህ ስትጨርስ አቃጥለው።

የላክህልኝ ካሜራ ለሰርግ ነበር። ለሰርግም ሆኗል፤ ፎቶ ቤቴም ድንበር ተሻጋሪው ሁሉ ጉርድ ፎቶ ሲነሳበት ይውላል። እኔ ግን የሰው ፊት ሰልችቶኝ ወፍ ላይ ወድቄያለሁ። እናታችን ከወፍ ጋር ኒካህ አሰርሽ ወይ ትለኛለች። ከኦዳ መንደር ወጣ ብሎ ካለው ግራር ላይ ከጭብጥ የማትበልጥ ጥቁርና ነጭ ወፍ አለች። እንሽላሊት ይዛ ከነሕይወቱ እሾህ ላይ ትሰካዋለች፤ ከዚያ እየተመላለሰች ትቦጭቀዋለች። ሦስት ቀን በሆዴ ተኝቼ አንስቻታለሁ። ንስር የሚዳቋ ግልገል ሲበልትም አንስቻለሁ። ደም አያስፈራኝም፣ አውሬው ርቦት ነው የሚገድለው እያልኩ እመካ ነበር።

ከሁሉ የምወደው ግን ዳበል የውሃ ጉድጓድ፣ አጎታችን አቡያ ሮባ ዘንድ መሄድ ነበር። ግመሎቻቸው ውሃ ሲወርዱ ከጀርባቸው መዥገር የሚለቅሙ ቀይ አፍ ወፎች አብረዋቸው ይመጣሉ። እንደምታውቀው ጉድጓዱ ላይ የሚጠጣው በተራ ነው፤ የአንዱ ግመል ዛሬ፣ የሌላው ከነገ ወዲያ። የማን ተራ መቼ እንደሆነ ለባዳ አይነገርም። ቀኑን ያወቀ ሰው ግመሎቹ ሁሉ ባንድ ቦታ አንገታቸውን ደፍተው የሚገኙበትን ሰዓት አወቀ ማለት ነው። አቡያ ሮባ ለአማቻቸው እንኳ አይናገሩም። ለኔም የነገሩኝ በአላህ ስም አስምለው ነው፤ ወፎቼን እንዳላጣ አዝነውልኝ።

ለባዳ አልተናገርኩም። የተናገርኩት ለልጅህ ነው። አንድ ቀን ምሳ እየበላ ሳለ የወፎቹን ፎቶ አሳየሁት። አንዷ ወፍ ግመሉ ጆሮ ውስጥ ጭንቅላቷን የከተተችበትን አይቶ ሳቀ፣ አክስቴ እጅሽ ይባረክ አለኝ፣ ከዚያ እንዲህ ያለውን መቼ ነው የምታገኚው ብሎ ጠየቀኝ። እኔም የሚቀጥለው ተራ ማክሰኞ ነው፣ ጎሕ ሲቀድ እዚያው ነኝ አልኩት። ከዘመድ ሁሉ ለሥራዬ ደንታ የሰጠኝ እሱ ብቻ ስለሆነ ልቤ ሞቆ ነበር። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ለኔ ግን ብቅሉም አላስፈለገም፣ አንዲት ሙገሳ በቃችኝ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ዴኒስ የሚባል የቦዳቦዳ ነጂ በሞተሩ ዳበል አደረሰኝ። ዴኒስ ከታች አገር፣ ከኬንያ ደቡብ፣ ለእንጀራው የመጣ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔንና ዕቃዬን ያመላለሰ ጨዋ ሰው ነው። የማን ግመል መቼ እንደሚጠጣ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ አፈር የመሰለ ሻርፕ ተከናንቤ እሾህ ሥር ተኝቻለሁ። የአቡያ ሮባ ታናሹ ልጅ ጃልደሳ ውሃ እየቀዳ ገንዳው ውስጥ ይገለብጣል፣ ለግመሎቹም ይዘፍንላቸዋል። ወፎቹ መጡ፣ ማንሳት ጀመርኩ። ድንገት ሁሉም ባንዴ ብር አሉ። እነሱን ተከትዬ ሌንሱን ቀና ሳደርግ ሰዎቹን አየኋቸው። አምስት ነበሩ፣ ፊታቸውን በፎጣ ሸፍነዋል። አንድ ቃል አልተናገሩም። የመጀመሪያው ጥይት ጃልደሳን አንገቱ ላይ አገኘው። መቅጃውን እንደያዘ ገንዳው ውስጥ በፊቱ ተደፋ። ከወደቀ በኋላም ሁለት ጊዜ ተኮሱበት። ውሃው ደም ሆነ። ግመሎቹ ግን ስምንት ቀን ውሃ ያልቀመሱ ነበሩና መጠጣታቸውን አላቆሙም። ጃቢር፣ ሌላውን እረሳው ይሆናል፣ ይህን ግን እስክሞት አልረሳውም።

ጣቴ ከካሜራው ላይ አልተነሳም። ድፍረት አይምሰልህ፣ ደርቆ ነው። በተከታታይ እንዲያነሳ አድርጌው ስለነበር ማንሳቱን ቀጠለ፤ ድምፁን ተኩሱ ዋጠው። ከጉድጓዱ ማዶ ከድንጋይ ኋላ የነበረ እረኛ መልሶ ተኮሰና ከአምስቱ አንዱን ክንዱ ላይ መታው። የተመታው ሲወድቅ ፎጣው ተፈታ። ጓደኞቹ አንስተውት ግመሎቹን እየነዱ ሄዱ። እረኛው በአቧራው ውስጥ የማንንም መልክ አልለየም። እኔ ወጥቼ ጃልደሳን ከገንዳው ጎተትኩት፤ እስከ ክርኔ ቀላሁ። ስንት ግመል እንደተነዳ አልጽፍልህም፣ በወጋችን ግመል አይቆጠርም።

በዚያው ቀን ቀበርነው። ረቡዕ ጠዋት ፎቶ ቤቴን ከውስጥ ቆልፌ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። ፎጣው የተፈታውን ሰው ፊት አሳደግሁት። አፍንጫው ያንተ አፍንጫ ነው። ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳ በልጅነቱ ከግቢዬ ግንብ ወድቆ ያመጣው ነው፤ ያኔ ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ወደ ኋላ መለስ ብዬ ጃልደሳ የወደቀበትን አየሁ። ጠመንጃውን ወደሱ ያቀናው ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰው ነው። ሰማያዊውን ሸሚዝ ለሀላኬ ለዒድ የገዛሁለት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ፎቶውን ላጠፋው ጣቴን ሰደድኩ፣ ሁለት ጊዜ መለስኩት። ከዚያ ለማንም ሳልናገር ሁለት ቀን ዝም አልኩ።

በነዚያ ሁለት ቀናት የጃልደሳ ወንድሞችና እኩዮቹ ቀኑን ማን ነገራቸው ሲሉ ሰነበቱ። ባዳ ሲፈለግ ባዳ አይጠፋም፤ ሰኞ ዳበል የታየው ዴኒስ ነው ተባለ። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከሞተር ማቆሚያው ጎትተው አወጡት። ጩኸቱን ሰምቼ ስደርስ መሬት ላይ ነው። በዱላ ይቀጠቅጡታል፣ ሞተሩ እየነደደ ነው፣ አንዱ ጎማ እያንከባለለ ይመጣል። ጎማ አንገት ላይ ጠልቆ ሰው እንደሚነድበት አንተ ያለህበት አገር ሰውም ያውቀዋል። ዴኒስ ሲጁዊ፣ ማማ ሲጁዊ፣ አላውቅም ይላል፤ ጥርሱ ከደሙ ጋር ይወጣል። የካሜራዬን ባለሦስት እግር ማቆሚያ ይዤ ስለነበር ያገኘሁትን ሁሉ በሱ መምታት ጀመርኩ። የጃልደሳን ታላቅ ወንድም ትከሻውን ሰብሬዋለሁ መሰለኝ። ዱላቸው ሲዘገይ ቀኑን የተናገርኩት እኔ ነኝ አልኩ። ለማን ሲሉኝ የልጅህን ስም ዋጥኩ። የጃልደሳ ታላቅ በደህና እጁ በቡጢ መታኝ፤ የፊት ጥርሴ አሁን የለም። ያን ጊዜ ፖሊሶች ደርሰው ወደ ሰማይ ተኩሰው በተኑን።

ዴኒስ ሆስፒታል ተኝቷል። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ ግራ ዓይኑ ፈስሷል። ረቡዕ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሁለት ዓይኑ ያይ ነበር። የወንድሜን ልጅ ላድን ብዬ የሰው ልጅ ዓይን አስፈሰስኩ። ይህን አንተም እንድትሸከምልኝ ነው የጻፍኩልህ፤ ብቻዬን ከብዶኛል።

እሑድ ከአስር ሰዓት በኋላ ሀላኬ በኋላ በር ገባ። ክንዱ አብጦ ይሸታል። አክስቴ አለኝ። ልዋሽህ አልፈልግም፣ መጀመሪያ ያደረግሁት መምታት ነው። በጫማዬ፣ በወንበር፣ እጄ በገባው ሁሉ፣ ቁስሉ ላይ ሳይቀር መታሁት። እጁን ለመከላከል እንኳ አላነሳም። ሲደክመኝ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ከዚያ ውሃ አሙቄ መግሉን አጠብኩለት። ደም አይፈስም ብለውኝ ነበር አለኝ። አንቺንም እንዳይነኩሽ አስምዬያቸዋለሁ አለኝ፤ በዚህ ልመርቀው የሚገባ ይመስል። ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰው ማን ነበር ብዬ ስጠይቀው ግን መሬት መሬት አየ። ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ባለችው ዕቃ ቤት ቆልፌበታለሁ። ከሙሽሮች ኋላ የምሰቅለውን የአበባ ሥዕል ያለበት መጋረጃ ተከናንቦ ይተኛል። ለፖሊስ ብሰጠው ጣቢያ ሳይደርስ የጃልደሳ ወንድሞች መንገድ ላይ እንደሚገድሉት አውቃለሁ።

ሰኞ አቡያ ሮባ ለቅሶ ወደተቀመጡበት ወደ ኦዳ ካሜራውን በነጠላዬ ሸፍኜ ሄድኩ። ሰው እስኪወጣ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ቀኑን ለማን እንደተናገርኩ ጭምር። ይመቱኛል ብዬ ነበር፣ ቢመቱኝም ደስ ይለኝ ነበር። መጀመሪያ በሕይወት ሳለ ያነሳሽው አለ ወይ አሉኝ። ጃልደሳ አፉን ከፍቶ እየዘፈነ መቅጃውን ያነሳበትን አሳየኋቸው። ብዙ አዩት። ከዚያ ሌላውን አሳዪኝ አሉ። ያንንም አዩ። ይህ ልጅ ከኔ ዕቃ ወተት ጠጥቷል አሉ። የካሜራውን ሚሞሪ አስወጥተው በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት፤ ልጆቼ ይህን ካዩ አንድ ቀን እንኳ አይጠብቁም አሉ።

ከዚያ ለወንድምሽ ጻፊ አሉኝ። ቃላቸውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነሆ። ገዳይ አባት ካለው አባቱ ከሬሳው አባት ፊት መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ልጄ ነው የገደለው ይላል፣ ያኔ ሽማግሌ የደም ዕርቁን፣ ጉማውን ይጀምራል። ለእህት አልቀመጥም፣ ለአያትም አልቀመጥም። አባቱ እስከ ጃልደሳ አርባ ከመጣ ልጆቼን እይዛለሁ። ካልመጣ ቋጠሮውን ፈትቼ እሰጣቸዋለሁ። ያሉት ይህ ነው። እሳቸው አይዋሹም፤ በየቀኑም ለቅሶ ላይ ልጆቻቸው እንዲበቀሉ ሲያስፈቅዷቸው ገና ነው እያሉ ይመልሷቸዋል፤ ቤቴም እንዳይገቡ ከልክለዋቸዋል።

ጃቢር፣ የመኖሪያ ወረቀት እንደሌለህ አውቃለሁ። ከዚያ አገር አንዴ ከወጣህ ተመልሰህ እንደማትገባ፣ ሀዎና ልጆቹ በዚያ ሱቅ ብቻቸውን እንደሚቀሩ አውቃለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ና የምልህ። አደራ ሰጥቼሽ አበላሸሽው ብትለኝ እውነትህን ነው። ግን ስትሄድ ስምንት ዓመቱ ነበር፣ አሁን ሃያ ሁለት ሆኖታል፤ በነዚህ ዓመታት ድምፅህን እንጂ ፊትህን አያውቅም። በገንዘብ ላስተካክል ብለህ እንዳትልክ፣ አልቀበልህም። የተጠየቅኸው ራስህን ነው።

ለሀዎ ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ እንድትረግመኝ ፈቅጄላታለሁ። ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። እናታችን አሻን በጣም ናፍቀሃታል፤ ሀላኬ ለሥራ ማርሳቢት ሄደ ስላልኳት በየሶላቱ መንገዱን አቅናለት እያለች ትለምንለታለች። ዴኒስን ትናንት ጠየቅሁት፤ በፋሻ ተጠቅልሎ በተኛበት ወንድሜን ልጠራው ነው አልኩት፣ ጉዞውን አምላክ ያሳካለት አለኝ። ሀላኬን ለአባትህ ሰላምታ ላክ ብዬው ነበር፤ በበሩ ሥር አባቴ በእውነት ይመጣል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አቡያ ሮባ ሰላምታ አልላኩልህም። የላኩልህ ቀን ነው፤ የጃልደሳ አርባ፣ ኅዳር 14፣ ቅዳሜ።

እህትህ ከዲጃ
ሞያሌ፣ ኬንያ
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.